ላባ ያለው እረኛ

ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ቅር እንዳይላችሁ፤ እኔም አረባለሁ፤ ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

በግ ያለውን ሰው "ለምን ያዝካት?" ብትሉት "አወፍሬ ልሸጣት" ይላችኋል፤ አበቃ። አህያ ያለውን ብትጠይቁት "ለጭነት" ይላል፤ የአህያይቱ ጀርባም ይመሰክርለታል። ዶሮ ያለውን ሰው ግን ጠይቁት እስቲ... የሚያምር ምክንያት ይሰጣችኋል። እውነተኛው ምክንያት ግን እዚያው ቆጥ ላይ ጭራውን አንጠልጥሎ ቁልቁል ያያችኋል።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ሩቅ አልሄድም፤ ከአጥሬ አላልፍም። እዚህ ነገሌ ጎረቤቴ የሃምሳ አለቃ ታፈሰ አምስት ዶሮዎች አሉት። ለምን? "ለሰዓት" ይላል። "ወታደር ሰዓት ያከብራል፤ አውራው ሲጮህ ብድግ ነው።" ልብ አድርጉልኝ፤ ይህ ሰው የሚኖረው ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ነው። የንጋቱ ጥሩምባ ሲነፋ ጠመንጃ ጨብጠን የማናውቅ ነጋዴዎች እንኳ አልጋችን ላይ ቀጥ እንላለን፤ እሱን ግን የሚቀሰቅሰው ዶሮ ነው! እውነቱ ሌላ ነው። የሃምሳ አለቃ ታፈሰ ከበላዩ የመቶ አለቃ አለበት፤ ከመቶ አለቃው በላይ ሻምበሉ አለ፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ አለች፤ እሷ እንግዲህ ጄኔራል ናት። በዚህ ሁሉ ዓለም ውስጥ እሱን የሚፈሩት አምስቱ ዶሮዎች ብቻ ናቸው። አመሻሹ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በፊታቸው ሲመላለስ በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ። "አንቺ፣ ከሰልፍ ወጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ?" ሲልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌላዋ ጎረቤቴ፣ የወረዳው ጸሐፊ ሚስት ወይዘሮ አልማዝስ? "ለጊንጥ ነው" ትላለች። እውነት ነው፤ በዚህ ቆላ ዶሮ ያለችበት ግቢ ጊንጥ አይበረክትም። ግን የወይዘሮ አልማዝ ዶሮ በቀን ስድስት ጊዜ ትጠፋለች። "ዶሮዬ እናንተ ግቢ አልመጣችም?" ብላ ትገባለች፤ ድስታችሁን ታያለች፣ እንግዳችሁን ታያለች፣ አዲስ ነጠላ ገመድ ላይ ከተሰጣ ጥለቱን ትዳስሳለች፤ ከዚያ ዶሮዋን ዳግመኛ ሳታነሣ ትወጣለች። ዶሮዋ ቤቷ አመድ ላይ ተኝታለች።

እኔስ? የኔን ውሸት ለብቻው ነው የምነግራችሁ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነውና።

እኔ ነገሌ የወረድኩት በጭነት መኪና ላይ ነው፤ ተሳፋሪ ሆኜ አይደለም፤ ከጨው ጆንያ ላይ የተቀመጥኩ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ነው። ትምህርቴም እዚያው ጆንያ ላይ ነው ያለቀው። ዛሬ ሱቅ አለኝ፤ ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ ትምባሆ፣ አቡጀዲ እሸጣለሁ፤ ቅቤና ቆዳ እገዛለሁ። ሱቁን ያቆመው ጉብዝናዬ አይደለም። ያቆሙት አባ ዋሪዮ ናቸው።

በዚህ አገር ነጋዴ ያለ ጃላ ነጋዴ አይደለም። ጃላ ወዳጅ ማለት ነው፤ ግን ጠጅ ቤት ተገናኝተው ጠጅ ቤት እንደሚለያዩት ዓይነት ወዳጅ አይደለም። ቦረናው ጃላህ ከገጠር ገበያ ሲመጣ አንተ ቤት ያድራል፤ ከብቱ አንተ ግቢ ያድራል፤ ቅቤውን በሌላ ነጋዴ ደጅ ከድኖ አሳልፎ ላንተ ያመጣል። አንተም አገሩ ስትወርድ ቤቱ ወተት ትጠጣለህ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። አባ ዋሪዮ ደግሞ እንዲሁ አንድ ሰው አይደሉም፤ ዱብሉቅ ያሉ ዘመዶቻቸው ድረስ ቃላቸው ይደርሳል። እሳቸው "የዚያ ሰው ቤት ደግ ነው" ካሉ የሰፈሩ ቅቤ ሁሉ ወደኔ ይመጣል። "ደግ አይደለም" ካሉ ወደ ጆንያዬ እመለሳለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ሲመጡ ጦራቸውን በሩ ላይ አስደገፉና ከመግባታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"አንተ፣ ሉኩ ትበላለህ?"

ሉኩ ዶሮ ናት። ቦረና ዶሮ አይበላም፤ እንቁላሏንም አይነካም። የላምና የግመል ልጅ ነው። ለአባ ዋሪዮ ዶሮ የሚበላ ሰው ማለት፣ ለእናንተ ጆፌ አሞራ ቀቅሎ የሚበላ ሰው እንደማለት ነው።

"እኔ? ዶሮ?" አልኳቸው፤ ፊቴን ኮምጣጤ አስመስዬ። "እንኳን ልበላት፣ ስሟ ሲጠራም ያጥወለውለኛል።"

የዚያን ዕለት ምሳዬ ምን እንደነበረ አትጠይቁኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ዶሮ በቤቴ ደጃፍ አላለፈችም። ፋሲካ ሲመጣ እኔና ሚስቴ ብርቄ ከሃምሳ አለቃ ታፈሰ ቤት ሄደን እንፈታለን። እኔ በጉን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዶሮዋ የነሱ ናት። ለኔ ይህ ደግ ዝግጅት ነበር። ለብርቄ አልነበረም።

"ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ በሰው ድስት ነው የምፈታው?" ትላለች። "ጨው በዛበት እንኳ ብዬ መናገር አልችልም።"

ሰባት ዓመት ይህን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ። በስምንተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ፣ ጫማዬ ውስጥ የተኛ ጊንጥ የእግሬን አውራ ጣት ነደፈኝ። እግሬ አብጦ ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን እያነከስኩ ብወጣ፣ ከክብረ መንግሥት በመጣው መኪና ላይ እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥለው የወረዱ ሦስት ሴት ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ግቢዬ ውስጥ ይጭራሉ።

"ምንድን ናቸው?" አልኩ።

"የጊንጥ መድኃኒት" አለች ብርቄ።

ባበጠ እግር ቆሞ ከጊንጥ መድኃኒት ጋር የሚከራከር ሰው የለም። ግን አውራውን ስታየው ዓይኗን አየሁት። ስለ ጊንጥ አልነበረም የምታስበው። አሥራ ሁለቱን ብልት እየለየች ነበር።

"አባ ዋሪዮ ሲመጡስ?"

"እሳቸው የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። በዋዜማው ዶሮዎቹን ወይዘሮ አልማዝ ጋ አሳድራቸዋለሁ።"

ነገሩ ያምራል። የሚያምር ነገር ሁሉ ደግሞ የራሱ ጊንጥ አለው። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ አባ ዋሪዮ አንዲት ላም ከነጥጃዋ እየነዱ ከች አሉ።

ዶሮዎቹ ከቤቱ ኋላ ናቸው። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ብርቄ ኋላ ናት። የቦረና ሰላምታ ረጅም መሆኑ በሕይወቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

"ናጋ?" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ብርቄ እንድትሰማ።

"ናጋ።"

"ወሪ ናጋ?" ቤተሰቡ ሰላም ነው ማለቴ ነው።

"ናጋ።"

ከኋላ አንድ ዶሮ ስትያዝ ጮኸች። ሳልኩ። ልጆቹን በየስማቸው ጠየቅሁ። ግመሎቹን ጠየቅሁ፤ የማላውቀውን ግመል ሁሉ። የውሃ ጉድጓዱን ደኅንነት ጠየቅሁ። ሣሩን፣ ዝናቡን፣ ባለፈው ዓመት እግሩን ያመመውን ጎረቤታቸውን ጠየቅሁ። አባ ዋሪዮ እያንዳንዱን "ናጋ" እያሉ ቢመልሱም ቅንድባቸው ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። የጓዳው በር ከኋላ ሲዘጋ ሰማሁና ወደ መጨረሻው ደረስኩ።

"ሎን ናጋ?" ከብቱስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አባ ዋሪዮ ዝም አሉ። ቦረና ሰላምታ ላይ ዝም አይልም።

"ሎን ናጋ ሚቲ" አሉ። ከብቱ ሰላም አይደለም።

ላሚቱን ቡሬ ነው የሚሏት፤ ዥጉርጉር ናት። የእናታቸው ላም የልጅ ልጅ ናት፤ በሰፈሩ ውስጥ እሷን የማያውቅ ሰው የለም። ዝናቡ ሣሩን አበቀለ፤ ሣሩ መዥገር አበቀለ። ጎንበስ ብዬ ጡቷን ባየው ከጡቷ ይልቅ መዥገሩ ይበዛል፤ እንደ ባቄላ አብጦ፣ ከጭኗ እስከ ብልቷ ተደርድሯል። ጡቷ ቆስሏል። ጥጃዋ ሊጠባ ሲጠጋ ትራገጣለች፤ አባ ዋሪዮ በእጃቸው ሊለቅሙላት ሲሞክሩ ትራገጣለች። ጥጃው የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

"የከብት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር" አሉ። "ያቤሎ ነው አሉኝ። ሳምንት ይመለሳል አሉኝ። ጥጃዋ ሳምንት የለውም።"

እኚህን ሰው ሰባት ዓመት ሳውቃቸው እንዲህ ትከሻቸው ወድቆ አይቼ አላውቅም። ግቢዬ ውስጥ ላሚቱን አሰርንላቸው፤ ለጥጃው ወተት ፈልገን በጣታችን አጠባነው፤ ከዚያ ቤት ገባን። ገና በርጩማቸው ላይ ሳይደላደሉ፣ ጓዳው ውስጥ ትልቁ ቅርጫት ሥር ድንጋይ የተጫነበት ቀይ አውራ ዶሮ ሙሉ ድምፁን ለቀቀው።

አባ ዋሪዮ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ምንድን ነው?"

"የሃምሳ አለቃው ዶሮ ነው። ጎረቤት።"

"ቅርብ ነው።"

"የወታደር ዶሮ ነው፤ ድምፁ ትልቅ ነው።"

ደገመው።

"ከግድግዳው ውስጥ ነው" አሉ።

"ነፋሱ ነው የሚያመጣው።"

አባ ዋሪዮ ወደ ደጅ አዩ። ደጅ ቅጠል አይነቃነቅም።

"ብርቄ፣ ነፋስ አለ አይደል?" አልኩ።

"ጾም ላይ ነኝ" አለች ብርቄ ወደ ምድጃው ዞራ።

"ጾም ላይ ያለ ሰው ስለ ነፋስ አይናገርም?"

"ስለሌለ ነፋስ አይናገርም።"

አያችሁ፣ ሚስቴ በጾም አትዋሽም። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከውሸት ነው የምትጾመው። በሌላው ጊዜ እንደማንኛችንም ናት።

ይህ እንዳልበቃኝ ሁሉ ሐጂ ኢብራሂም ገቡ። ሐጂ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ዋና ወዳጄና ዋና ባላንጣዬ። ስታመም ቀድመው የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ስድን ቀድመው የሚያዝኑትም እሳቸው ይመስሉኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ አባ ዋሪዮን ከኔ ቤት ወደሳቸው ቤት ለማሻገር ያልሞከሩት ዘዴ የለም። በኦሮምኛ "አካም፣ አካም" ብለው ረጅሙን ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ላሚቱ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ወረደ። ጎንበስ አሉና አንድ ነገር በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጉ።

ቀይ ላባ።

እኔን አላዩኝም። ላባውን እፍ ብለው አቧራውን አራገፉና ለአባ ዋሪዮ በአክብሮት ሰጧቸው።

"ለጆሮዎ ይሁን፣ አባ ዋሪዮ። ለጆሮ እንደ ላባ የሚሆን ነገር የለም።"

አባ ዋሪዮ ተቀበሉ፤ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ አድርገው አዞሩት።

"ደግ ነው" አሉ። "ከየት መጣ?"

"እኔ ምን አውቄ" አሉ ሐጂ። "እኔ ቤት ላባ አይገኝም። እኔ ቤት ክንፍ ያለው ነገር የለም፤ ዝንብ እንኳ ስትገባ አስወጣለሁ። ለነገሩ መኝታው እንደተነጠፈ ነው፤ ለላሚቱም ጥላ አለ።"

አባ ዋሪዮ ላባውን ከጆሯቸው አውጥተው አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ እንደገና ላባውን አዩት።

"ላሚቱ ደክሟታል" አሉ። "ነገ ጧት አያለሁ።"

ነገ ጧት! ሐጂ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው በጆሮዬ "አይዞህ ወንድሜ፣ ሰው ከጨው ጆንያም ይነሣል፤ ወደ ጨው ጆንያም ይመለሳል" አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው።

ያቀድኩት ይህን ነበር፦ ሰማይ ሲነጣ፣ አባ ዋሪዮ ከመንቃታቸው በፊት፣ ቅርጫቱን ከነዶሮዎቹ አቅፌ በጓዳው በር ወጥቼ ወይዘሮ አልማዝ ግቢ መጣል። ከዚያ ንጹሕ ሰው ሆኜ ተመልሼ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ "የምን ላባ?" ማለት። ንጋት ላይ ተነሥቼ ብገባ ድንጋዩ ወርዷል፤ ቅርጫቱ ተገልብጧል፤ የጓዳው በር ወለል ብሏል። ብርቄ ወደ ኪዳን ሄዳለች። በኋላ ስጠይቃት "ታፍነው ሊሞቱ ነው፤ በጾም ነፍስ አላጠፋም" አለችኝ።

ባዶ እግሬን ወደ ግቢው ሮጥኩ። ዘግይቻለሁ። አባ ዋሪዮ በርጩማቸውን አውጥተው ከላሚቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሲያዩኝ አንድ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ቡሬ ተጋድማለች። ያቺ ትናንት የነካትን ሁሉ ስትራገጥ የዋለች ላም የኋላ እግሯን እንደ እመቤት ዘርግታ፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ ታመሰኳለች። ሦስቱ ሴት ዶሮዎች ከጭኗ ሥር ገብተዋል። አንዷ አንገቷን ዘንበል ታደርግና ታያለች፣ ትመርጣለች፣ ጠቅ! አንድ ያበጠ መዥገር ትውጣለች። ሌላዋ ከጡቷ ሥር፣ የሰው ጣት ሊደርስ ከማይችልበት ስንጥቅ ውስጥ ታወጣለች። ላሚቱ አልተነቃነቀችም። አውራውስ? አውራው ከጀርባዋ ላይ ወጥቶ ደረቱን ነፍቶ ይጮኻል።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ፀሐይ አጥሩን ስታልፍ የላሚቱ ጡት ጡት መምሰል ጀመረ። ጥጃው ቀረብ አለ፤ አንዴ አሸተተው፤ ጠባ። አልተራገጠችም።

አባ ዋሪዮ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ ጠየቁ።

"ሉኩ ናቸው?"

"ናቸው።"

"ያንተ?"

የሃምሳ አለቃው ናቸው ልል አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ብርቄ ነጠላዋን እንደተከናነበች ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ከኪዳን መመለሷ ነው። ጾሙ የሷ ቢሆንም ያን ጊዜ ወደኔም ተጋባ።

"የኔ ናቸው" አልኩ።

"ትበላለህ?"

"...እበላለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ሰባት ዓመት አውቃለሁ። ከፋሲካችሁ በኋላ ስመጣ እጅህ ይሸተኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሰው የሚዋሸው ለሚፈራው ነው፤ አለዚያም ለሚወደው ነው። እኔ ጦሬን በርህ ላይ አስደግፌ ነው የምገባው።"

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ የሚያቅርር ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ሊያቅርር ዳር ዳር ሲል ብርቄን አየኋት። የሰባት ዓመት ፋሲካ በሰው ድስት፣ ጨው በዛ ሳትል፣ ለካ በከንቱ! ያየችኝን አስተያየት ለሐጂ ኢብራሂም እንኳ አልመኝላቸውም።

ሐጂን ካነሣን ዘንድ፣ ወሬው መንገዱን ለመሻገር ከላሚቱ ትንፋሽ የረዘመ ጊዜ አልወሰደበትም፤ ወይዘሮ አልማዝ ዶሮዋን ፍለጋ መጥታ ነበርና። ሐጂ ዝንብ በማታድርበት ቤታቸው የጨው መጋዘን ውስጥ የነበሩ ስድስት ዶሮዎችን በሁለት ቅርጫት አሸክመው ደረሱ። ስድስቱም ወፋፍራም ናቸው።

"አባ ዋሪዮ" አሉ ምንም ሳያፍሩ፣ "መዥገር ከሆነ ነገሩ፣ እነዚህ ለመዥገር የተፈጠሩ ናቸው።"

"ክንፍ ያለው የለም ብለህ ነበር።"

"ትናንት አልነበረም" አሉ ሐጂ።

አባ ዋሪዮ ጎንበስ ብለው በቅርጫቱ ቀዳዳ አዩ።

"ወፍራም ናቸው። ጥላ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ከብት አያውቁም" አሉና ወደኔ ዞሩ። "ቡሬ እዚህ ትቆይ። እስክትድን። እረኞቿ እዚህ ናቸው።"

ቦረና ላሙን ካንተ ጋር ትቶ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ከማንኛውም ወረቀት ላይ ካለ ማኅተም ይበልጣል። ሐጂ ቅርጫታቸውን አሸክመው ተመለሱ። እኔ ግን ገና ደስታዬን ሳልውጠው አባ ዋሪዮ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"አንድ ነገር። እረኛ አይታረድም።"

"አይታረድም" አልኩ።

"ማል።"

"ቢላዬ አይነካቸውም" ብዬ ማልኩ። ብርቄን አየኋት። ብርቄ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያን ጊዜ ዝምታዋን የጾም ዝምታ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቡሬ ዳነች፤ ጥጃው ግቢውን በዝላይ አተራመሰው። የሐጂ መኝታ እንደተነጠፈ ቀረ። ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ ግን ብርቄ ቀዩን አውራ ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ቢላ በሌላ እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። በኛ ወግ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው፤ ስለዚህ የሚያልፍ ወንድ ነው የምትጠብቀው።

"አንቺ ሴት፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምንም። አየር እየተቀበልኩ።"

"ምያለሁ እኮ!"

"አንተ ነህ የማልከው። እኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ አፌን አልከፈትኩም።"

"እረኛ አይታረድም አሉ።"

"ይሄ እረኛ ነው?" አለች አውራውን ከፍ አድርጋ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁት። ሦስቱ ሴቶች ከሥር ሆነው መዥገሩን ይለቅማሉ፤ እሱ ጀርባዋ ላይ ቆሞ ይጮኻል። አንድ መዥገር አልዋጠም። ሥራው ሁሉ የሱ እንደሆነ አድርጎ መጮህ ብቻ። እንዲህ ያለ ወንድ በቤት ውስጥ ሁለት አይበዛም?"

ይህን እያለች የሃምሳ አለቃ ታፈሰ ከጦር ሰፈሩ ሲመለስ ደረሰ። ብርቄ አውራውን አቀበለችው። የሃምሳ አለቃ ትእዛዝ መቀበል ሥራው ነው፤ ግን የሷን ቢላ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና "ይሄ አይረባም" ብሎ የራሱን ከወገቡ መዘዘ።

እኔ የማልኩት "ቢላዬ አይነካቸውም" ብዬ ነው። አልነካቸውም። ነጋዴ ነኝ፤ ያልኩትን ቃል በቃል እጠብቃለሁ። ጾሙ ሲፈታ ግን ብርቄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ቀምሳ ለአፍታ አሰበችና፣ ሰባት ዓመት ያፈነችውን ቃል በገዛ ድስቷ ላይ ተናገረችው።

"ጨው በዛበት" አለች፤ ፊቷም እንደ ፀሐይ በራ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ገበያ አባ ዋሪዮ ላማቸውን ሊወስዱ መጡ። ጦራቸውን አስደገፉ። ሰላምታውን እሳቸው ጀመሩ።

"ናጋ?" "ናጋ።" "ወሪ ናጋ?" "ናጋ።" "ሎን ናጋ?" "ናጋ፣ ድናለች!" አልኩ። እዚያ ላይ ያበቃል ስል፣ በሕይወቴ ከቦረና አፍ ሰምቼ የማላውቀውን ጨመሩበት።

"ሉኩ ናጋ?"

ሦስቱ ሴቶች ከላሚቱ ሥር ይታያሉ። አባ ዋሪዮ ቆጠሯቸው።

"ወንዱስ?"

ጾሙ ተፈቷል። ብርቄ ከኔ ቀደመች።

"ክብረ መንግሥት ሄዷል፣ አባ ዋሪዮ" አለች፤ እንደ ቅቤ በለሰለሰ ድምፅ። "ዘመድ ጥየቃ።"

አባ ዋሪዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎንበስ ብለው ከደጃፉ ላይ አንድ ረጅም ቀይ ላባ አነሡ፤ አገላብጠው አዩት፤ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ቀስ አድርገው አዞሩት።

"ሲመለስ ሥራ ይማር" አሉ። "መዥገር ሲለቅም አላየሁትም።"

ሲሄዱ ቡሬን ከነጥጃዋ ነዱ፤ ከሦስቱ ሴት ዶሮዎች ሁለቱን ደግሞ በቅርጫት ይዘው ሄዱ። ቦረና ሽማግሌ ዶሮ አንጠልጥሎ አገሩ ሲገባ፣ እናንተ ጆፌ አሞራ አቅፋችሁ ሰፈራችሁ እንደመግባት ነው። ሰው ሁሉ ወጣ አሉ። ልጆች ተከተሉ አሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ደፍሮ "አባ ዋሪዮ፣ ምን ሊሆንዎት ነው ይሄ?" ብሎ ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ገበያ የመጣ ወንድማቸው ነው የነገረኝ። እንዴት ብለው የእናታቸውን ላም የልጅ ልጅ፣ ያቺን ቡሬን፣ ዶሮ አከመቻት ይበሉ?

ላባውን ከጆሯቸው ሳያወጡ ነው አሉ የመለሱት።

"ለጆሮዬ ነው። ያሳክከኛል።"

ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ... አላልኳችሁም?